የአሥራ ሰባት ቁጥር ጡብ

በግንቦት 2090 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቤቴ በር ስለ ሲጋራ መከረኝ።

«አቶ ይመር፣ ትናንት ሰባት አጭሰዋል። ዛሬ ወደ አምስት ለማውረድ ብንሞክርስ?» አለኝ።

ሲጋራ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በሩ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት፤ ጠዋት ማታ ጨቅጭቆ ያስተወኝ እሱ ነው። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ውጭ የሰፈሩ ሰው ግማሹ ቆሟል። አውቶቡሱ አምና የቀበርነውን ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ስድስት ደቂቃ አዘገየን። የስምንት ቁጥሯ ውዴ ደግሞ የፈታችውን ባሏን ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። ሰውየው ምንም አላጠፋም፤ የመጣው ረስቶት የሄደውን ጃንጥላ ሊወስድ ነው። በሩ ግን «እንኳን ደህና መጡ፣ ዛሬ ቆዩ» ብሎ ከፈተለትና ሻይ አፈላለት። ውዴ ስትደርስ ሁለተኛውን ብርጭቆ እየጠጣ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ማስታወቂያ ወጣ። በሩንም አውቶቡሱንም የሚመራው የከተማችን የቦርከና ማዶ መዝገብ ታሞ ነበር፤ ለማዳን ሲባል ወደ ግንቦት 2088 ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም። «እባክዎ አይጨነቁ፤ ሁሉም ነገር በቤት ግልባጭዎ ላይ አለ። ግልባጭዎን ይዘው ይቅረቡ» ይላል። ጨዋ ማስታወቂያ ነበር፤ አነበብነውና ተጨነቅን።

ለምን እንደተጨነቅን ልንገራችሁ። የዚህ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የቤት ግልባጭ የሚባለው ዳቦ የሚያህል ግራጫ ነገር ነው፤ ሰዉ ጡብ ይለዋል። አንድ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ፣ ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ ኪራዩን፣ ከሩቅ ሆኖ በየቀኑ ይጽፋል። ከሩቅ ሆኖ ያልኩት፣ የአንድ ቤት ጡብ እዚያው ቤት እንዳያድር ደንብ ስላለ ነው። ቤቱ ቢቃጠል ጡቡም አብሮ ይቃጠላላ። ስለዚህ በየመስከረሙ ዕጣ እናወጣለን፤ አርባ ስምንቱም ቤት የሌላ ቤት ጡብ በአደራ ይይዛል። ማን የማንን እንደያዘ ግን አይነገርም። ሰው ካወቀ ሲጣላ ይበቀልበታል፣ ሲዋደድ ይፎክርበታል ብለን ነው። ጡቡም ላይ ስም የለበትም። ዕጣውን እኔ መዝገቡ ውስጥ አስገባለሁ፣ ወረቀቱን በዚያው ቀን አቃጥላለሁ። ይህን ሥራዬን በኩራት ስሠራ ኖሬያለሁ።

እንግዲህ የትኛው ጡብ የት ቤት እንዳለ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዕጣዎች አያውቅም። ቁልፍ ውስጥ ትቶ በር እንደ መዝጋት ነው። መዝገቡ በአሮጌው ዕጣ መሠረት ጡቦቹን ፈለጋቸው፣ አላገኛቸውም፣ ከዚያም ለአርባ ስምንታችንም አንድ ዓይነት መልእክት ላከ፦ «በስምዎ የተቀመጠ ግልባጭ የለም።» ጡቦቹ እኮ በየመደርደሪያችን ተቀምጠዋል! አንዱ ራሱ ፊት ለፊቴ ነበር።

ለብዙዎቻችን ነገሩ ቀልድ ነበር፤ ለማስተካከል አንድ ወር ተሰጥቶናል። ለአሥራ ሰባት ቁጥሯ ለሲቲና ሁሴን ግን ቀልድ አልነበረም።

ሲቲና የአውቶቡስ ወንበር ትሰፋለች። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው፤ ሳታገባ፣ ከስፌት መኪናዋና ከሸራ ጥቅሎቿ ጋር ብቻዋን ብዙ ኖራለች። የዛሬ ዓመት ተኩል፣ በኅዳር 89፣ ከሕፃናት ማሳደጊያ የአሥር ወር ልጅ በጉዲፈቻ ወሰደች። ምንታምር አለቻት። ያን ቀን ሰፈሩ ምን ያህል እንደተደሰተ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ እኔ ራሴ፣ ዘፈን የማልወድ ሰው፣ ጨፍሬያለሁ። በመዝገቡ በኩል ግን ኅዳር 89 ገና አልመጣም። ረቡዕ ዕለት እንዲህ የሚል መልእክት ደረሳት፦

«ከማሳደጊያ የወጣች የአራት ወር ሕፃን ቤትዎ ትገኛለች። ሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መኪና መጥቶ ይወስዳታል። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ሐሙስ አብሬያት ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ እንቅልፍ ያልጠገበች ወጣት ሴት ተቀምጣለች።

«ልጅቷ የኔ ናት» አለች ሲቲና።

«አምናለሁ እታለም። የኔ ማመን ግን የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ግልባጩን ካመጡልኝ በአንድ ደቂቃ ይስተካከላል። ካልተገኘ ልጅቷ ትመለሳለች፣ እርስዎ እንደ አዲስ ያመለክታሉ። ወረፋው ሁለት ዓመት ነው።»

«አርባ ስምንት አባወራ ምስክር አቆምልሻለሁ» አልኳት እኔ።

«ምስክር ከሰባ ስምንት ዓ.ም. ወዲህ አንቀበልም አባቴ።» ሰሌዳውን ወደ እኛ አዞረችው። እውነቷን ነው፤ ምስክር የሚሞላበት መስመር የለም። «ደግሞ እዚህ ላይ ልጅቷ መቀመጥ እንኳ አልጀመረችም ይላል።»

ምንታምር በዚያ ሰዓት የወረፋውን ገመድ ፈትታ ወገቧ ላይ እየታጠቀች ነበር።

ስንመለስ ሲቲና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ጋሽ ይመር፣ አንቱ ነዎት ዕጣውን ያወጡት። ጡቤ የት ነው?» አለችኝ። አላስታውስም። አርባ ስምንት ዕጣ ማን ያስታውሳል? ወረቀቱንም በገዛ ክብሪቴ አቃጥዬዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የዕድሩን ድንኳን ተከልን። ጡብ የባለቤቱ መዳፍ ሲያርፍበት ይሞቃል፤ ስለዚህ ሁሉም የያዘውን ያምጣ፣ ሁሉም ይሞክር፣ የየራሱን ያግኝ አልን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማን የማንን እንደያዘ መቼም እንዳይታወቅ ስል፣ ሰው ጡቡን በጋቢው ወይም በነጠላው ሸፍኖ አንድ በአንድ ወደ መጋረጃው ጀርባ ይግባ፣ ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ይውጣ አልኩ። ሰዉም «ይህ ነው ጨዋነት!» ብሎ አመሰገነኝ።

ቀኑ ደስ ይል ነበር፤ መካድ አይቻልም። ሁሉም ብብቱን አሳብጦ ገብቶ ቀሎት ይወጣል። የሠላሳ አንድ ቁጥሯ እትዬ አስካለ ሰመራ ከተማ የወለደች ልጇን ልታርስ በሚያዝያ ስለሄደች፣ በሰጠችኝ ቁልፍ ቤቷን ከፍቼ ከመደርደሪያዋ ላይ የነበረውን ጡብ እኔ አመጣሁላት። ከዚያ ሙከራው ተጀመረ። መጀመሪያ የውዴ ሞቀ። «ሞቀ! ሞቀ!» ብላ ጮኸች፤ ፍቺዋ እጇ ገባ፣ እልል አለች። የፈታችው ባሏም ከድንኳኑ ደጃፍ ሆኖ አጨበጨበ። የኔም ሞቀ፤ ሲጋራ መተዌን መልሼ አገኘሁ። ቆሎ ዞረ። አርባ ስድስት ቤት የየራሱን ጡብ አቅፎ ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ ባለቤቷ የሌለችው የእትዬ አስካለ ጡብ ብቻ ቀረ። ሲቲና ግን አልወጣችም።

መጀመሪያውኑ ሁሉንም ነክታቸዋለች። ከየሰዉ እቅፍ እየለመንን እንደገና አስነካናት። አንዱም አልሞቀላትም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ሰው ባዶውን ገብቷል» አለች ውዴ።

ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ማን ነው ብሎ መጠየቅ አልተቻለም፤ እንዳይጠየቅ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጡቡ በእጁ ያለ ሰው ካለ፣ ቢሰበርበትም ቢጠፋበትም፣ መጥቶ በሬ ሥር አኑሮ ይሂድ። ማን ነህ አንለውም» አልኩ። እሑድ ጠዋት በሬን ስከፍት ምንም የለም። ሲቲና በር ላይ ግን አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጦ ተገኘ። በሰፈሩ ንብ ያለው አያ እንድሪስ ብቻ ነው፤ ጣራው ላይ አሥራ ሁለት ቀፎ አለው። ደግ ሰው ነው አልንና አለፍን።

እሑድ ሲቲናን ለማጽናናት እቤቷ ሞላን። ወሬው ሁሉ አደራ፣ አደራ፣ ያ አደራ የት ገባ ነበር። ምንታምር ከእግራችን መሃል እየተሹለከለከች የእናቷን ቀሚስ ትጎትትና ወደ ላይ ትጠቁማለች።

«አደላ!» ትላለች።

ከሸራ ጥቅሎቹ በላይ፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ የተቆለፈ የእንጨት ሳጥን አለ። እትዬ አስካለ ሰመራ ስትሄድ «አደራ፣ እስክመለስ» ብላ ያስቀመጠችው ነው። ልጅቷ እየተንጠላጠለች ልትነካው ስትል ሲቲና «ተይ! አደራ ነው!» እያለች ስለምትቆጣት፣ ሳጥኑ ስሙ አደራ ይመስላታል። ሲቲና ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«የእትዬ አስካለ ጌጣ ጌጥ ነው፤ አትንኪ ብዬሽ የለም?»

«አደላ!» አለች ምንታምር፣ እግሯን እየመታች።

ዝም እንድትል ብስኩት ሰጠኋት። ይህንንም በዕድሩ ፊት አምኛለሁ።

ሰኞ ልክ አራት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ነጭ ነው፤ ሹፌር የለውም። በሩ በራሱ ተከፈተ፤ ውስጡ የአራት ወር ሕፃን የሚተኛበት ቅርጫት ታስሯል፣ ጥግ ላይ ጡጦ ይሞቃል። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሲቲና ልጇን ከአውቶቡስ ወንበር ጨርቅ የሰፋችላትን ቢጫ ካፖርት አልብሳ ደጃፏ ላይ ቆመች።

«እንደምን አደሩ» አለ መኪናው። «ሕፃኗን በጀርባዋ ያስተኙልን። የቆይታ ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው።»

«አልሰጥም» አለች ሲቲና።

«መልስዎ ተመዝግቧል። አሥራ አራት ደቂቃ። ጊዜው ሲያልቅ ረዳቶች ይመጣሉ። ለትብብርዎ እናመሰግናለን።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የቤቴን በር ይመስላል። ሲቲና አላለቀሰችም፤ ልጇን ወደ ራሷ አጥብቃ ቅርጫቱን ታያለች። ምንታምር ጡጦውን አይታ፣ «የቤቢ ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

በዚህ መሃል አያ እንድሪስ ሰዉን እየገፋ መጣ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከፍ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጋቢውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው።

«እኔ ነኝ! ባዶዬን የገባሁት እኔ ነኝ!» አለ።

«አያ እንድሪስ!» አልኩ።

«ተወኝ ይመር፣ ልናገር። በመጋቢት ጣራዬ አፈሰሰ፣ ማሩም ከላይ ይንጠባጠባል። ጡቡ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። እቤቴ ጉድ ሊሆን ነው ብዬ ለእትዬ አስካለ አደራ ሰጠኋት። ወላሂ ለጡቡ አዝኜ ነው። ቅዳሜ ግን አሳልፌ ሰጠሁ ብል አደራ በላ እንዳልባል አፈርኩ። ባዶ ጋቢ ታቅፌ ገባሁ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያልሠራሁትን!» ወደ ሲቲና ዞረ፤ ፊቷን ማየት ግን አልቻለም። «ማሩ ይቅርታ ነበር፤ እንዴት እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው።»

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለ መኪናው።

ስልኬን አውጥቼ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ጨቅላውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ጀርባውን እየመታች ስልኩ ላይ ታየች፤ ከኋላዋ ገንፎ የሚያማስል ሰው ይታያል።

«ይመር! እንኳን ማርያም ማረቻት በለኛ! ወንድ ነው!»

«እንኳን ማርያም ማረቻት እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ አያ እንድሪስ የሰጠሽ ጡብ የት ነው?»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ነገረህ? እኔ እኮ ለማንም አልተነፈስኩም። ደህና ቦታ ነው፤ ለሲቲና ሰጥቻታለሁ።»

«ምን?»

«የራሴን የዕጣ ጡብ ቤቴ ትቼው ብሄድ ደንብ ነው። የሰው አደራ ግን ባዶ ቤት ይተዋል? ሳጥኔ ውስጥ ከትቼ፣ ቆልፌ ለሲቲና ሰጠኋት። በዚህ ሰፈር እንደሷ አደራ የሚያውቅ የለም፤ ብትሞት አትከፍተውም። ምነው፣ የማን ኖሯል?»

ሁላችንም በተከፈተው በር በኩል ወደ መደርደሪያው እያየን ነበር።

«አደላ» አለች ምንታምር። ከትናንት ጀምሮ ሲናገር የሚሰማው ያጣ ሰው ድምፅ ነበር።

ሲቲና ሮጣ ገባች። ሳጥኑን አውርዳ ስፌት መኪናዋ ላይ አኖረችው፣ ሸራ የምትወጥርበትን ጉጠት አነሳች፣ ከዚያ ቆመች። ስድስት ደቂቃ ቀርቶናል፤ ሴትዮዋ ቆመች!

«እትዬ አስካለ፣ ቁልፉ የት ነው?»

«አንገቴ ላይ፣ እዚህ ሰመራ!»

«ልስበረው? ይፈቅዱልኛል?»

«ኧረ ስበሪው የኔ ልጅ! ስበሪው! ቆይ፣ ቆይ! ከላይ ያለው የውስጥ ልብሴ ነው። ወንዶቹ ፊታቸውን ያዙሩ!»

ዞርን። በዚህ ሰፈር ታሪክ ትልቁ ነገር ሲፈጸም እኔና አያ እንድሪስ ግድግዳ እያየን ነበር። የቁልፉን መሰበር ሰማሁ፣ ጨርቅ ሲገለጥ ሰማሁ። አያ እንድሪስ እጄን ያዘኝ።

«ሞቀ» አለች ሲቲና፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ውዴ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሰመራም በስልኩ ውስጥ አብሮ እልል አለ፣ ጨቅላው በድንጋጤ ተነስቶ አለቀሰ። ሲቲና ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ጡቡን በቀሚሷ ይዛ ወጥታ መኪናው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

«ግልባጭ ተገኝቷል» አለ መኪናው። «ምንታምር። ዕድሜ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። እናት፣ ሲቲና ሁሴን። ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።» ከዚያ ቀጠለ። «የቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ግልባጭ በቤት ቁጥር አሥራ ሰባት ውስጥ ተገኝቷል። ይህ የደንብ ጥሰት ነው። ማስጠንቀቂያው ለዕድሩ ጸሐፊ ተልኳል።»

እጄ ላይ ስልኬ ነዘረ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም። መኪናው ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ሄደ፤ ምንታምር እስኪሰወር ድረስ እጇን አውለበለበችለት።

ሲቲና አያ እንድሪስ ጋ ሄዳ የጣለውን ጋቢ ከመሬት አነሳች፣ አራገፈችው፣ ትከሻው ላይ መለሰችለት። «አያ፣ ማሩ ግሩም ነው» አለችው። ሽማግሌው ያኔ ነው ያለቀሰው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ልቡ ተከፈተ። አንዷ ከመሄዷ በፊት ለእህቷ ሰጥታ ነበር፤ አንዱ አይጥ ፈርቶ ወደ ፎቅ አሳልፎታል፤ አንዱ ባለሥልጣን ጎረቤቱ ዘንድ የተሻለ ይጠበቃል ብሎ አደራ ብሏል። ቆጠርነው፤ አሥራ አንድ ጡብ ዕጣው ከመደበለት ቤት ወጥቶ ሌላ ቤት አድሮ ኖሯል፤ ቅዳሜም ተረካቢው ሁለት አቅፎ ገብቷል። መዝገቡ ወደ ኋላ ባይሄድ እንኳ፣ ማን የማንን እንደያዘ ያስገባሁት ዝርዝር ሩቡ ውሸት ነበር። እኔ በክብሪት ሳቃጥለው የኖርኩት ምስጢር ከጅምሩ አልነበረም፤ ሰዉ ግን ከአርባ ስምንቱ ጡብ አንዱንም አልጣለም።

የሲቲና ጡብ በደንቡ መሠረት እቤቷ ማደር ስለማይችል እኔ ዘንድ ነው። ይዛ የመጣችው ራሷ ናት፤ ምንታምር ቀድማ ገብታ፣ በሁለት እጇ ወደ መደርደሪያዬ እያሳየች፣ «አደላ» አለችኝ፣ በጣም ቆጣ ብላ። አደራሽን ተቀብያለሁ አልኳት።

ዛሬ መዝገቡ የአሥራ ሰባት ቁጥር ጡብ የት እንዳለ ጠይቆኝ «ቤት ቁጥር አራት» ብዬ የራሴን ቁጥር ሞልቻለሁ። እውነት ነው፣ እስከ እሑድ። እሑድ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሐይቅ እሄዳለሁ፤ የሰው አደራ ባዶ ቤት አይተውም፣ ስለዚህ ለአያ እንድሪስ እሰጠዋለሁ፤ ጣራውን አስጠግኗል። በዚህ ጊዜ ግን እሱ ዘንድ ብቻዬን አልሄድም። ምንታምርን ይዣት እሄዳለሁ፤ የት እንዳኖርነው የማይረሳ አንድ ሰው ማየት አለበት።